«ጭመቂ፣ ሁለት፣ ሦስት»

ይድረስ ለልጄ ለፍቅረማርያም፤

ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ባሕር ዛፌን እፈልጣለሁ፤ ከእንጦጦ ሥር እስከ ኮተቤ ያለ ምርኩዝ እወርዳለሁ፤ ይህንንም በመሠረተ ትምህርት ባገኘኋት ፊደል ራሴ እጽፋለሁ። አንተስ እንዴት ነህ? የመንዝ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ወገብህስ ተሻለህ? የመንገድ ሥራው ካምፕ ውሃ ይስማማሃል ወይ? ስልክህ እንቢ ስላለኝ፣ ወረቀቱን ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ ወደ እናንተ ለሚመጣው ሾፌር ለአባይነህ እሰጠዋለሁ።

እንኳን ደስ ያለህ፤ የሴት ልጅ አባት ሆነሃል። ሚስትህ ናፍቆትም ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት የሚከተለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው።

ባለፈው ወር ለደም ግፊቴ ክኒን ጤና ጣቢያ በሄድኩ ቁጥር፣ አስያ የምትባል ነርስ ስልኳ ላይ አቀርቅራ አገኛት ነበር። ስልኩ «ጭመቂ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ያዜማል፤ እሷ በባዶ እጇ አየር ትጨብጣለች። «አባባ፣ የሦስት ደቂቃ ትምህርት ነው፤ ትንፋሽ ያጣ ሕፃን መመለስ እየተለማመድኩ ነው» አለችኝ። «ትምህርት በሦስት ደቂቃ? ሀ ሁ ለመለየት እንኳ ክረምት ፈጅቶብኛል!» አልኳት። «ነርስ አስያ በሥራ ሰዓት ትጨፍራለች» ብዬ ጽፌ አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ስሜንም ከነአባቴ አሰፈርኩ፤ እኔ ተደብቄ ሰው አልከስም።

በአቦ ዕለት ናፍቆትን ምጥ ያዛት። «የባልሽ እናት ልጆቿን ሁሉ በቤቷ ነው የወለደችው፤ አንቺስ ምን ሆነሽ?» ብላትም ልብሷን ሸክፋ ወጣች፤ ምን ላድርግ፣ ተከተልኳት። ማዋለጃው በር ላይ አግዳሚ ወንበር ይዤ ተቀመጥኩ። ልጅቷ መጣች ተባለ፤ ልቅሶ ግን የለም። በሩን ገፍቼ «ገልብጣችሁ ጀርባዋን ምቷት! ቀዝቃዛ ውሃ ርጩባት!» አልኩ፤ ስንቱን ጥጃ በዚሁ አስነሥቼ የለም? አስያ ዞር እንኳ ሳትል «አባባ፣ በሩን ይዝጉልኝ፤ ብርድ እንዳያገኛት» አለችኝ። ዘጋሁ። እኔ አባትህ፣ ታዝዤ ዘጋሁ።

ወዲያው ያ ዜማ ተሰማኝ። «ጭመቂ፣ ሁለት፣ ሦስት።» ዛሬም ስልክ? ብዬ ልነሣ ስል፣ ስልኳን ለካ ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ላይ ጥላው ነው የገባችው፤ መስተዋቱ ጠቁሮ ተቀምጧል። ዜማው የሚወጣው ከራሷ አፍ ነው! እንደ ፊኛ ባለች አየር መስጫ ለልጅህ ትንፋሽ እየሰጠቻት ኖሯል። እኔም የጋቢዬን ጫፍ እየጨመቅኩ አብሬያት ቆጠርኩ። ጭመቂ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጭመቂ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ልጅህ ጮኸች! እልልታዬን አቀለጥኩት። «ወንድ እልል ይላል እንዴ?» ያለኝ ዘበኛ ራሱ ተቀበለኝ።

አስያ ላቧን እየጠረገች ወጣችና «ጭፈራዬን እንዴት አገኙት፣ አባባ?» አለችኝ። ለካ ወረቀቴ ተነብቦላት ኖሯል። ጉልበቷን ልስም ብል ቀድማ ጎንበስ አለችብኝ።

ናፍቆት ቶሎ ና ትልሃለች። ልጅህም ጎረቤት በሚቀሰቅስ ድምፅ ሰላምታ ታቀርብልሃለች፤ ተዋት፣ ትጩህ። የካምፕ ጓደኞችህን በሙሉ ሰላም በልልኝ።

ዕዳዬን ግን አንተ እንዳትነካብኝ፤ ራሴው እከፍላለሁ። ልጅህ ትንፋሽ ባጣች ሰዓት ለማርያም የተሳልኩትን ጃንጥላ በትከሻዬ ተሸክሜ እንጦጦ እወጣለሁ። ናፍቆትን ይቅር በይኝ እላለሁ። ለዚያ ሳጥንም ሌላ ወረቀት አለብኝ፤ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ነገ እከተዋለሁ። «ነርስ አስያ በሥራ ሰዓት ትጨፍራለች። ማንም እንዳይከለክላት» ይላል፤ ስሜ ከነአባቴ ሰፍሯል።

አባትህ ኃይለጊዮርጊስ
የካ፣ እንጦጦ ሥር
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.