ሰጋቱራ ያልደረሰው መስክ

የካቲት 5 ቀን 1999

ከክፍል እንደወጣሁ ባምላኩ አናጢው ዘንድ። ሁለት ፌስታል ሰጋቱራ በነፃ። ማገዶ ቸገረሽ ወይ ብሎ አሾፈብኝ። ለኤግዚቢሽኑ የወረዳውን ገጠር በሞዴል ሥሪ አሉኝ፤ ባጀት ግን የለም... ጂኦግራፊ ማስተማር ይሄንንም ይጨምራል? ካርቶን ከየሱቁ ለመንሁ። የተሰበረ መስታወት ከቆሻሻ ለቀምሁ፤ የላህ ወንዝ ይሆናል።

የካቲት 19

የተወለድሁበትን መንደር ላሳምረው ብዬ መጨረሻ አስቀረሁት። ክዳኑ የጤፍ ጭድ፣ ዛፉ ያለቀ መጥረጊያ። የአባባ ቤት ከነበረቱ አለ። ከፊቱ ያለው መስክ ላይ ስደርስ ግን አረንጓዴ የነከርሁት ሰጋቱራ አለቀ። የመንደሩ ከብት ሁሉ የሚውልበት መስክ ባዶ ካርቶን ሆኖ ቀረ። ባምላኩ ቡሬ ሄዷል። ኤግዚቢሽኑ ነገ ነው።

የካቲት 20

አንደኛ ወጣሁ። ከላይ የመጡት የመሬት አስተዳደር ኃላፊ ሁሉም ከውዳቂ መሠራቱን ሰምተው ተደነቁ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? ከዚያ ጣታቸውን ካርቶኑ ላይ አድርገው «ይሄ ባዶ መሬት ነው?» አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ሰጋቱራ አለቀብኝ ልበል? አፈርሁ። «አዎ» አልሁ። አጠገባቸው የነበረው ሰውዬ ጻፈ... ምን ይጽፋል?

ግንቦት 11

አባባ መጡ። መስኩ ለባለሀብት ተሰጥቷል፣ በቆሎ ሊያለማበት። ሽማግሌዎቹ በስብሰባ ግጦሻችን ነው ቢሉ፣ ኃላፊው የገዛ ልጃችሁ ባዶ ነው ብላናለች ብለው አፋቸውን አስያዟቸው።

«ያምሮት፣ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

«ጥጃ ያገድሽበትን?»

ምሳ አቀረብሁ። እጃቸውን ሳይታጠቡ ተነሡ።

ግንቦት 14

ኃላፊው ቢሮ ሄድሁ። ሰጋቱራ አልቆብኝ ነው እንጂ መሬቱስ ባዶ አይደለም ብዬ አስረዳሁ። ሳቁ። ተፈርሟል አሉ። የአንደኝነት ሰርተፍኬቱን ልመልስላቸው ይዤ ነበር... ይዤው ተመለስሁ። ፈሪ።

ግንቦት 29

ለአባባ ሁለተኛ ደብዳቤ ላክሁ። ለመጀመሪያው መልስ አልመጣም።

ሰኔ 11

ዓባይነሽ የመንደራችን ልጅ ናት፤ መናኸሪያው አጠገብ አልቤርጎ ትሠራለች። ዛሬ አገኘችኝ። አባባ ቅዳሜ እዚህ ፍኖተ ሰላም ገበያ ነበሩ። አምስቱንም ላሞች ሸጡ፤ የት ይግጡ? ስለመሸባቸውም አደሩ። እሷ ዘንድ፣ አልቤርጎ።

ሥራ ከያዝሁ ስምንት ዓመቴ ነው። ገበያ መጥተው አንድ ቀን ሌላ ቤት አድረው አያውቁም። ከመናኸሪያው እኔ ቤት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ያምሮት ዘንድ አይሄዱም ወይ ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«እዚህ ከተማ የማውቀው ሰው የለኝም» አሏት።