የአያ ፈንቴ ገለባ

ሰኞ

አያ ፈንቴ አሻፈረኝ አሉ። ኮምባይነሩ ከገሳይ ከተማ ተነስቶ ፒስታ መንገዱን እያንቀጠቀጠ መጣ፤ ሴቶቹ እልል አሉለት። ማሳቸው ጫፍ ሲደርስ ግን እሳቸው ዱላቸውን ተክለው ከፊቱ ቆሙ።

"በእኔ ማሳ አያልፍም።"

ኦፕሬተሩ ቶሎሳ ሞተሩን አጠፋው። ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ።

ሌላ መግቢያ የለንም። በአንድ በኩል ሸለቆው፣ በሌላው በኩል የድንጋይ እርከኑ። የሁላችንም ስንዴ ያለው ከእሳቸው ማሳ ጀርባ ነው። ማሳችንን ኩታ ገጠም አድርገን አንድ ዓይነት ዘር እንዝራ፣ ሲደርስ በማሽን እናስጭድ ብዬ በየቤቱ የዞርኩት እኔ ነኝ። ሰብሳቢም አደረጉኝ። ከጅዳ ከተመለስኩ ወዲህ ሰው ፊት ቆሜ "እመኑኝ" ስል የመጀመሪያዬ ነበር። አያ ፈንቴም ያኔ እሺ ብለዋል።

የግብርና ባለሙያው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ለቀበሌ እነግርና በደንቡ ይጠየቃሉ። በዚህ ሳምንት ከዞን ጉብኝት አለብን" አለኝ። ቆይ አልኩት። ሽማግሌ በሚሊሻ አስጎትቼ የማጭደው ስንዴ አይበላልኝም።

ሙላት ወደ ቤት ስንመለስ ጥሎኝ ቀድሞ ሄደ። ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህ ስንዴ ካልተሳካ ከጓደኞቹ ጋር በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር እንደሚሄድ ነግሮኛል። በዚያ መንገድ ባሕር ተሻግረው የመጡ ልጆች ጅዳ አግኝቻለሁ። ያዩትን ሲጠየቁ ወሬ ይቀይራሉ።

ማክሰኞ

የጉና ተራራ አናቱን በደመና ተሸፍኖ አደረ። በኅዳር!

የምፈራው፦
ዝናብ። ስንዴው በቆመበት ያቆጠቁጣል።
በረዶ። እሱስ ባይነሳ ይሻላል።
ንፋስ። ዛላው ከመድረቁ የተነሳ እጅ ሲነካው ይረግፋል።
ቶሎሳ ሰልችቶት ወደ ሌላ ቀበሌ መሄዱ።
ሙላት።

ሁለት ቤተሰብ መጠበቁን ትተው በማጭድ ጀምረዋል። አልፈረድኩባቸውም።

ረፋዱ ላይ አያ ፈንቴ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ስደረድር ነበር፤ ስለ ቃል፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ልጆቻችን። ደርሼ ሳይ በረታቸው ውስጥ አንድ በሬ ብቻ ቆሟል።

"አንቱ እሺ ብለውኝ አልነበር?" አልኳቸው፣ ቁጣዬን መደበቅ እያቃተኝ።

"ብያለሁ። ያኔ ሲሠራ አላየሁትማ። ባለፈው ሰሞን ልጄ ዘንድ ስሄድ ቆሜ አየሁት። እህሉን በጆንያ ይሰጥሻል። ገለባውን ግን አድቅቆ ለንፋስ ነው የሚሰጠው።" በሬውን መታ መታ አደረጉት። "የዚህ ጓደኛ ዓምና መኖ አልቆብኝ ክረምቱ ሲገባ ተኛ። ተጠራርተን አነሳነው። በማግስቱ እንደገና ተኛ፤ በዚያው ቀረ። ሌላ በሬ ለምኜ ነው ያረስኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ ይታይሽ፣ በሬ ለምኜ።"

ባዶ የቀረውን የበሬውን ቦታ አየሁ።

"ያ ባለሙያችሁ ስለ ገለባ አንድ ቀን አንስቶ ያውቃል?"

አላነሳም። እኔም አላነሳሁም። በስልጠናው ሁሉ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርት ስናወራ ከብቱ ምን ይበላል ያለ ሰው የለም። እትዬ ዝማም፣ ባለቤታቸው፣ ጠላ አቀረቡልኝ፤ አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ።

ከቤታቸው ከወጣሁ በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ከመንገድ ተመለስኩ።

"የእርስዎን በደቦ በማጭድ እንጨድልዎት። ነዶውን አውድማዎ ላይ እንከምራለን፣ ገለባዎ አይነካም። ማሽኑ ባዶው መሬት ላይ ይለፍ።"

በዱላቸው ወደ ማሳው አሳዩኝ። "በዳር በዳር ይለፍ። መሃል ከገባ አፈሬን ይጠቀጥቀዋል።"

"በዳር ያልፋል።"

ለሙላት ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። "ኮምባይነር አስመጥተሽ በማጭድ?" ከሰኞ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት አሁን ነው። ሳቁን ሳይጨርስ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ሰው ሊጠራ ወጣ። ባለሙያው ግን ተቆጣ። እንግዶቹ መጥተው በማጭድ ስናጭድ ቢያገኙን ምን ይባላል ነው ጭንቀቱ።

ረቡዕ

ደቦው ተሳካ ልበል? ከጠራናቸው ግማሹ ቀሩ። አንዷ በሯ ላይ ቆማ "የራሴ ሊበሰብስ ነው፣ የሰው ላጭድልሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው።

የመጡት ግን እንደ እሳት ሆኑ። ሙላት ከፊት ሆኖ እያዜመ ሲያጭድ የሚደርስበት ጠፋ። እንዲህ ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር። እኔ የሰው ቤት ስጠርግ የኖርኩበት እጄ ማጭድ ረስቷል፤ ጣቴን ቆረጥኩ። በነጠላ ጫፍ አስሬ ቀጠልኩ።

ቶሎሳ ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ሲያየን ቆየና ወርዶ ነዶ መሸከም ጀመረ። የአርሲ ልጅ ነው። "እናቴ ብታየኝ፣ ከዚህ ሸሽቶ ነው ኮምባይነር የተማረው ብላ ትስቃለች" አለ። በእረፍት ላይ ግን ለብቻዬ ጠርቶ ቁርጡን ነገረኝ። ሌሎች እየደወሉለት ነው፤ ከዓርብ በኋላ አንድ ቀን አይጨምርም። በጸጥታው ችግር መንገዱ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ በሆነበት ጊዜ እሱም አልተሳሳተም።

ጀምበር ሳትጠልቅ የአያ ፈንቴ ማሳ ባዶ ሆነ። ክምሩን ዞረው ዞረው አዩት፣ የጎደለ ነዶ እንዳለ የሚፈልጉ ይመስል። ለእያንዳንዳችን በእጃቸው ጠላ ቀዱልን።

ሐሙስ

ሚካኤል። ሥራ የለም። ማሽኑ መንገድ ዳር ቆሟል፤ ስንዴው ቆሟል፤ ደመናው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ቶሎሳ ጠዋት "ትንሽ ብናጭድስ? ነገ ቢዘንብ ማንን ትወቅሻለሽ?" አለኝ። ፈተና ሆነብኝ። ለደቂቃ እሺ ልለው ነበር። ግን በዓመቱ ሚካኤል ሞተር ባስነሳ ቀጥሎ የሚመጣው በረዶ ሁሉ በእኔ ነው የሚሳበበው። ከዚያ በኋላ ማሽን የሚባል ነገር እዚህ መንደር አይገባም። አይሆንም አልኩት። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስለ ደመናው ብቻ ለመንኩ፤ ስለ ኃጢአቴ ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ከሰዓት በሸለቆው ማዶ አካፋ። እኛ ጋ ጠብ አላለም።

ሙላት ከቤቱ ጀርባ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። "እናንተ መቼ ነው የምትነሱት?" እያለ ነበር። ገባሁና እንዳልሰማ ሆንኩ።

ዓርብ

ጤዛው እስኪተን ጠበቅን። ፀሐይዋ እንደዛሬ ዘግይታ አታውቅም። ረፋዱ ላይ ቶሎሳ ሞተሩን አስነሳ። አያ ፈንቴ ከማሽኑ ፊት ፊት እየሄዱ፣ በዱላቸው ጎማው የሚረግጥበትን እያሳዩ፣ በማሳቸው ዳር አሳለፉት። እንደ ትራፊክ ፖሊስ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት ልጻፈው? ስንዴው ጆንያ ውስጥ ሲንዶቆዶቅ እናቶች እጃቸውን እየከተቱ አፈሱት። ሳምንት የሚፈጀው ማሳ ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ከትናንት በስቲያ በሯ ላይ የመለሰችኝ ሴት መጥታ ትከሻዬን ሳመችኝ።

የእኛ ማሳ ተራው መጨረሻ ላይ ነው። ሰብሳቢ የራሷን አስቀደመች እንዳይባል እኔው ራሴ ያደረግሁት ነው። ሙላት ጠዋት "ይሉኝታሽ ይገድለናል" ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት ንፋሱ ተነሳ። ጉና በኩል ጠቆረ። የቀረው የእኛ ብቻ ሆነ፤ ማሽኑ አፉን ወደ እኛ አዞረ። ዝናቡም ያኔ ወረደ። ቶሎሳ ትንሽ ሞክሮ ቆመ።

"እርጥብ አይወቃም፣ እህቴ። ጎማውም ከሰመጠ እዚሁ መክረሜ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

መሬቱ ሳይላቁጥበት ማሽኑን ይዞ ወጣ። ምን ይበል? ሙላት ዝናብ ውስጥ እርከኑ ላይ ተቀመጠ። ና ግባ አልኩት። ዞሮ አላየኝም።

ቅዳሜ

ሌሊቱን ሲጥል አድሮ ጠዋት አባራ። በረዶ አልነበረም፣ ተመስገን። የማሳችን የታችኛው ክፍል ግን ተኝቷል፤ እንጨት የተንከባለለበት ይመስላል።

ቀዳሚት ሰንበት ስለሆነች ቆመን ከማየት በቀር የምንሠራው የለም። እህላቸው የገባላቸው ሰዎች እየመጡ "አይዟችሁ" ይላሉ፣ ለቅሶ ቤት የመጡ ይመስል። ዓይኔን እያዩ አያወሩም።

ባለሙያው ደወለ። መንገዱ ስለተዘጋ ጉብኝቱ ቀርቷል። ቅር ብሎታል። ገለባ የሚያስር ማሽን አለ ወይ አልኩት። ሌላ አካባቢ እንዳለ ሰምቷል። እንግዲህ ለሚቀጥለው ዓመት ስለ ምርት ከማውራትህ በፊት እሱን ጠይቅልን፣ ካለዚያ ሰው አልሰበስብልህም አልኩት። ለባለሥልጣን እንዲህ ተናግሬ አላውቅም። ለመንግሥት ሠራተኛ ማለቴ ነው።

እሑድ

ፀሐይ! ከማለዳ ጀምሮ።

ከቅዳሴ መልስ ማሳው ገባሁ። ዛላ ቆርጬ በመዳፌ አሸሁ፤ ፍሬውን በጥርሴ ሰበርኩት። አላቆጠቆጠም። የተኛውም ቢሆን ገና ደህና ነው። ሁለት ሦስት ቀን እንዲህ ከዋለ ይተርፋል፤ ከዘነበ አይተርፍም።

ቶሎሳ ደወለ። መንገዱ ከተከፈተ ረቡዕ በዚህ በኩል ሊመለስ ይችላል። "ቃል አይደለም" አለ። እንጠብቀው ወይስ እንጨደው? ስንጠብቅ ቢዘንብስ? ስናጭድ ደግሞ ሁለት ሰው ይህን ሁሉ መቼ ይጨርሳል?

ሙላት ቆርጦ ተናገረ፤ "ማንንም አልጠብቅም። ነገ ከተኛው እንጀምራለን።"

አያ ፈንቴ በደጃችን ሲያልፉ ቆሙ። "ወገቤ ማጎንበስ እምቢ ብሎኛል እንጂ ነዶ እሸከማለሁ። በአህያዬም እናመላልሳለን" አሉ። ሌላ የሚመጣ ይኑር አይኑር አላውቅም። አልጠየቅሁም።

አሁን ሙላት ደጅ ተቀምጧል። ስልኩ ጠራ። ማን እንደሆነ አየ። እስኪያቆም ድረስ ይዞት ቆየ፤ ከዚያ ኪሱ ከተተው።

"ማጭድሽ ዶልዱሟል፤ አምጪው ልሳለው" አለኝ።

ሰጠሁት። ሰማዩ ጥርት ብሏል።