«ተመስገን፣ ደህና ናት»

ሰኞ

ዛሬም አልበላችም። እንቁላሉ ግድግዳ ላይ፣ ዳቦው አልጋ ሥር። የግራ እጇን አንጓ እንደገና ነክሳዋለች፤ የባለፈው ሳምንቱ ገና ሳይደርቅ። ሽሮፑን ግን ሰጥቻታለሁ። እሱን ከጀመርን ወዲህ እዚህ ቤት ደህና እንቅልፍ የተኛ ሰው የለም።

ሶልያና ስድስት ዓመቷ ነው። ኦቲዝም አለባት። እስካሁን «እማ» ብላኝ አታውቅም። ሽሮፑ ወደሚሞከርበት የሆስፒታሉ ጥናት ስትገባ ዶክተሩ በደንብ አስረድተውናል፤ ከልጆቹ ግማሾቹ የሚሞከረውን መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ ጣፋጭ ውሃ ብቻ። ለማን ምን እንደደረሰ እሳቸውም አያውቁም። እኔ ግን ለእኛ እውነተኛው እንደደረሰን ከወሰንኩ ቆየሁ። ካልሆነማ ይህ ሁሉ ስቃይ ከየት መጣ? የልጄን ስቃይ የምሥራች አድርጌ ቁጭ አልኩ። ተስፋ ሰውን ያጃጅላል።

ማክሰኞ

አንድ ነገር ሆነ። በጥናቱ በኩል የተመደበችላት የንግግር አስተማሪ ካርዶች ደርድራላት ነበር። ሶልያና የኩባያ ሥዕል ያለበትን አንስታ ሰጠቻት። ውሃ ጠማኝ ማለቷ ነው። ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። እስከዛሬ በጠማት ቁጥር ስትጮህ ነው የኖረችው፤ እኛ ደግሞ ዝም በይ ስንላት።

ስንት ትምህርት ቤት አንቀበልም ብሎናል። ይህችን አስተማሪ ያገኘነው በጥናቱ ነው። ከጥናቱ ከወጣን እሷም የለችም።

ስንመለስ እማማ ዲንቂ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ሰፈራችን ቡልቡላ ገና እርሻ እያለ ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ናቸው።

«ልጅቷ እንዴት ናት?» አሉኝ።

«ተመስገን፣ ደህና ናት።»

«እዚህ ፎቅ ላይ ሁሉም ሰው ተመስገን ነው የሚለኝ። የምትጮኸው ልጅ የማን ናት ታዲያ?»

ክፋት የላቸውም። ሶልያናን ታቅፌ ደረጃውን ወጣሁ።

ረቡዕ

ክትትል ነበረን። ስትነካ ስለምትጮህ ብዙም ሊመረምሯት አልቻሉም። ዶክተሩ ወረቀታቸውን አይተው ፈገግ አሉ። ከቤት የሚመጣው ወሬ ደስ ይላል አሉኝ፤ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ራሷን መንከስ ትታለች። ስለ ማን ልጅ ነው የሚያወሩት? እጄ ቀድሞኝ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበው። ሶልያናን ይዤ ወጣሁ።

ባሌ ግርማይ ታክሲ ነው የሚነዳው። እኔ የምሠራበት ልብስ መሸጫ ስልክ ማንሳት ስለማይፈቅድ፣ የጥናቱ ነርስ ሲስተር ትዕግሥት ሁኔታዋን ለመጠየቅ በየሳምንቱ የምትደውለው ለእሱ ነው። ምን ስትላት ነበር አልኩት።

«ሁሌ ሰው ጭኜ ነው የምታገኘኝ። ከኋላ ሰው ተቀምጦ ልጄ ሥጋዋን ትነክሳለች ልበል? ተመስገን አልኳት።»

«ትተኛለች ወይ ስትልህስ?»

«ተመስገን።»

«ትበላለች ወይ?»

የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ኪሱ ከተተ።

ጮህኩበት። ኋላ ግን አፈርኩ። ትናንት ደረጃው ላይ እኔስ ምን አልኩ?

ሐሙስ

ሥራ ላይ ለደንበኛ ሁለቴ የተሳሳተ ልክ አውጥቼ ሰጠሁ። ሐሳቤ አንድ ቦታ ነው ያለው። ብናገር ሽሮፑ ይቆማል፤ ከጥናቱ ትወጣለች፤ አስተማሪዋ፣ ካርዱ፣ ኩባያው፣ ሁሉም ይቀራል። ዝም ብል ልጄ ዓይኔ እያየ ታልቃለች። ደግሞ ይህ ሽሮፕ ነገ ለሌላ እናት ይደርሳል፤ የተሞከረባቸው ልጆች ተሽሏቸዋል ተብሎ። በግርማይ ተመስገን።

ግርማይ ትንሽ እንታገሥ ይላል። «ካርዱን አንስታ የለም እንዴ?» እሱንም የሚያናግረው ተስፋ ነው። ልፈርድበት አልቻልኩም።

ዓርብ

አንጓዋ ደማ። ሽሮፑን በመለኪያው ቀድቼ፣ አይቼው አይቼው፣ ሳልሰጣት አስቀመጥኩት። ግርማይ ገና አልወጣም ነበር። ስልኩ ጠራ፤ ሲስተር ትዕግሥት ናት። እሱ አላነሳውም። ለእኔ ሰጠኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ሶልያና እንዴት ናት?»

«ተመስ...» አፌ ለምዶታል። ዋጥኩት። «ደህና አይደለችም፣ ሲስተር። አንድም ሳምንት ደህና ሆና አታውቅም።»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ በቅጡ አላስታውስም። አንጓዋን፣ እንቅልፉን፣ እጅጌውን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «ሽሮፑን እንዳትሰጫት፤ አሁኑኑ ይዘሻት ነይ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ

ሽሮፑ ቆመ። ዶክተሩ አልወቀሱንም፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ነበር። የተጻፈው ሁሉ ይታረማል አሉ። ስትወስድ የነበረው መድኃኒቱን ነው ወይስ ውሃውን ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥናቱ ሳያልቅ አይታወቅም፤ ውሃውም ሊሆን ይችላል አሉኝ። ይህን አስቤው አላውቅም። ውሃ ከነበረ፣ ስቃይዋ ከጠርሙሱ አልመጣም ማለት ነው። እንግዲያ ጠርሙሱን ስለመለስን ስቃይዋ አይቆምም።

ስለ አስተማሪዋ እንጠይቅላችኋለን ብለዋል። እንጠይቅላችኋለን የሚባለውን ከየትምህርት ቤቱ አውቀዋለሁ።

ግርማይ ካርቶን ቆርጦ ኩባያ ሣለላት። እጀታው ተንጋዷል። ሶልያና አየችው፣ ጣለችው። እሱም አነሳው፤ ደግማ ጣለችው። ከምሳ በኋላ ግን ወለሉ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ እንኳ አልነቃችም። ሽሮፑ እየለቀቃት ይሁን ወይ ደክሟት፣ አላውቅም።

ቆሻሻ ልጥል ወረድኩ። እማማ ዲንቂ እንደ ልማዳቸው ጠየቁኝ።

«ደህና አይደለችም» አልኳቸው። «የምትጮኸው የእኔ ልጅ ናት።»

ጠጋ ብለው ደረጃው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ።