የአባቴ ጉልበትና የኮሚቴዎ ሐሙስ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ፈለቀ፣ የሆስፒታሉ የሕሙማን ዝውውር ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ጉልበትዎም ሲነሡም ሲቀመጡም እንደ ልብ የሚታጠፍ ይሁንልዎ። እኔ ዓለምፀሐይ እባላለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ የምሸጥ፣ በቅርቡ ከሆስፒታልዎ በሰው ትከሻ የወጣው የሸማኔው የሾዴ ልጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሸማኔዎች ማኅበራችን የግድግዳ ጋዜጣ ላይ የለጠፍኩት፣ ቢሮዎ ድረስ ይዤው ብመጣ ስብሰባ ላይ ናቸው እንደምባል ስለማውቅ ነው። ማንበብና መጻፍ ያስተማረኝ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በመሆኑ፣ በድፍረቴ ቅር ቢሰኙ አቤቱታዎን ለዘመቻው መምሪያ እንዲያቀርቡ በትሕትና አሳስባለሁ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። አባቴ በክረምቱ ጭቃ ክር ተሸክሞ የቀጨኔን ቁልቁለት ሲወርድ አዳልጦት ወደቀና ጉልበቱ ተሰበረ። እርስዎ ዘንድ ያየው ሐኪም፣ ጨዋ ሰው ነው፣ ገና በዕለቱ ይህ አጥንት እዚህ አይጠገንም፣ ቶሎ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይዛወር ብሎ ጻፈ። ሸማኔ ሠርቶ የሚያድረው በእጁ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ከሸማ መሥሪያው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ ነው። ጉልበቱ ካልታጠፈ ሸማ የለም፣ እኔም የምሸጠው የለኝም።

እንግዲህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር እናቀርባለን፦

፩. ኮሚቴዎ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ የሚሰበሰብ በመሆኑ እናመሰግናለን። በመጀመሪያው ሐሙስ እርስዎ ሴሚናር ላይ ነበሩ። በሚቀጥለው ሠራተኛው ሁሉ ለሰልፍ ወጣ። ከዚያ በኋላ በነበረው ግን፣ ተመስገን፣ ተሰበሰባችሁ፤ ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ አቋቁማችሁም ተበተናችሁ። አጥንት ግን፣ ይቅርታ ያድርጉለትና፣ ንቃተ ህሊናው ዝቅተኛ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ሳይጠብቅ በጠማማው መግጠም ጀመረ።

፪. የጥበቃ ሠራተኛዎን ንቃት ሳናደንቅ አናልፍም። በእኛ በጋሞዎች ዘንድ የታመመ ሰው ብቻውን አይተኛም፤ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይመጣል፣ ሽማግሌው ይመርቃል፣ የቀረው ሁሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል። ጥበቃዎ ቋንቋችንን ባለማወቁ፣ ያልተፈቀደ ስብሰባ ተደርጎ መፈክር ተሰማ ሲል ሪፖርት አቀረበ። ወዲያው የአባቴ ጉዳይ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ካድሬው ጠረጴዛ ተዛወረ፤ በእናንተ ሆስፒታል በፍጥነት ሲዛወር ያየነው እሱን ብቻ ነው። ካድሬው አልጋው ድረስ መጥቶ የስብሰባው አጀንዳ ምን እንደነበር ቢጠይቀው፣ አባቴ እግሩ እንደነበር አስረዳ። ግለ ሂስ እንዲያደርግም ተጠየቀና፣ ምስኪን፣ በዝናብ ቁልቁለት መውረዱ ስህተት እንደነበረ አመነ። ሽማግሌው የመረቁት ደግሞ ሐኪሙንም ኮሚቴውንም ዕድሜ ይስጣቸው ብለው ነበር፤ ዘግይቶም ቢሆን ምርቃቱ ይድረስዎ።

፫. አምቡላንሱ እንደተበላሸ በተነገረን ዕለት የማርሽ ባንዱን ከበሮ ጭኖ ሽቅብ ሲከንፍ በዓይናችን አይተናል። ከበሮዎቹ በሰላም መድረሳቸውን ስንሰማ ደስ ብሎናል።

፬. ከአልጋው በላይ በቀይ ቀለም ያስጻፉትን መፈክርም አልዘነጋንም። አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት ይላል፤ ሕመምተኛውም በጀርባው ተንጋሎ ቀኑን ሙሉ ሲያነበው ይውላል። እባክዎ፣ ሦስተኛ ምርጫ፣ ለምሳሌ ዝውውር፣ ቢጨመርበት ምን ነበረበት?

በመጨረሻ ሲብስብን በሁለት አጠና ላይ ጋቢ ወጥረን ቃሬዛ ሠራን፤ ያ ያልተፈቀደ ስብሰባም እየተቀባበለ አባቴን ትልቁ ሆስፒታል አደረሰው። እግሩ ተረፈ። ጉልበቱ ግን አይታጠፍም። በወደቀበት ሰሞን ቢመጣ ኖሮ ይታጠፍ ነበር አሉን። ጓድ ፈለቀ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል፤ አባቴ ጠዋት ጠዋት ጉድጓዱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መርገጫውን ያያል። ደግሞ እኔ ሳየው ዞር ብሎ ክር የሚፈታ ይመስላል።

ስብሰባዎ የሰመረ፣ ሻይዎ የሞቀ፣ ንዑስ ኮሚቴዎችዎም የበዙና የተባዙ ይሆኑ ዘንድ እየተመኘሁ፣ ወረፋ ከለመደ አክብሮት ጋር፣

ዓለምፀሐይ ሾዴ
ከጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ

ማስታወሻ፦ ትናንት መልእክተኛዎ ቤታችን ድረስ መጥቶ የአባቴ ዝውውር መፈቀዱን አበሠረን። እግዜር ይስጥልን። አባቴ፣ ፈቃዱ ለእሱ ስለማይሠራ፣ ከጎኑ ተኝተው ለነበሩት ለአቶ ደበላ እንዲሰጥለት ይለምናል፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ እስካሁን እዚያው ናቸው፣ በዚህ ከተማ የሚሸከማቸው ዘመድ የላቸውም። ሐሙስ ካልተመቸዎ ግን ፈጽሞ አይጨነቁ። አባቴ ዘመዳቸው እኔ ነኝ ብሏል፤ ዓርብ ጠዋት ጋቢውን ይዘን እንመጣለን።