ከትርሲት እጅ የጎረስኩ ቀን

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ። ከሰ. 11፡00

ዛሬም ጎማ። ከጭማቂ መሙያ ማሽን የተፈታ የጎማ ቀለበት ጠረጴዛዬን ሞልቶታል። መቁረጥ፣ ማሸግ፣ መፈረም፣ ወደ ላብራቶሪ መላክ። ምግብ የሚነካ ዕቃ ሁሉ «ዘላለማዊ ኬሚካል» የሌለበት መሆኑን ማረጋገጥ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። እማዬ ስሙን እንደተቀየመችው አለች። ዘላለማዊ እግዚአብሔር ብቻ ነው ትላለች። ምግብ እንዳይጣበቅ ዕቃ የሚቀቡት ነገር ነው፣ ውሃ ውስጥ ከገባ እዚያው ይቀራል፣ ደም ውስጥ ከገባም እዚያው፣ አይበሰብስም ብዬ አስረዳኋት። ሰይጣን ነው በይኛ አለች። ከመ/ቤታችን መግለጫ ይሻላል፤ ደብተሬ፣ ያዥልኝ።

ጠዋት ከታክሲ መስኮት ወሰን ሠፈር ላይ የግርማን ወርክሾፕ አየሁት። የመ/ቤታችንን «ንጹህ» የሚል አረንጓዴ ምልክት በሩን የሚያህል አድርጎ አሥሎታል። ጉረኛ! ግን ደስ አለኝ። ሚስቱ ትርሲት ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዬ ናት። ልጃቸውን ኤልዳናን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። አበልጆቼ ናቸው። የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ይሠራሉ። ነሐሴ ላይ ናሙና ወስጄ ንጹህ ሆኖ ተገኘ፣ የምስክር ወረቀቱን ፈረምኩ፣ በሱ የተነሳ የኤልዳና ት/ቤት ወጥ ቤት ትሪውን በሙሉ ከነሱ ወሰደ። ዝምድናችንን ለአለቃዬ ለኢ/ር ዳዊት አስቀድሜ ነግሬው ነበር። በዚህ ከተማ ዘመድ የሌለው ተቆጣጣሪ ከየት ላምጣ ብሎ ሳቀ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ። ማታ

ኤልዳናን ይዤ እንጦጦ ፓርክ ዋልኩ። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጥን፣ ከቦርሳዋ ዳቦ አወጣች። ት/ቤትም ከቤት ነው እንዴ የምትይዢው፣ እዚያ ምሳ ይሰጣችሁ የለም? አልኳት።

«የት/ቤቱን ዳቦ እንዳትነኪ ብላኛለች እማዬ። ለማንም እንዳትናገሪም ብላኛለች። አንቺ ግን እቴቴ ነሽ አይደል?»

ነኝ አልኳት። ሆዷን አሟት ይሆናል። እናት መቼም ሰበብ አታጣም። ግን ለማንም እንዳትናገሪ ለምን?

እንቅልፍ እንቢ ብሏል። ሞኝ ነኝ፣ ልተኛ።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ። 8፡30

ት/ቤቱ ወጥ ቤት ሄድኩ። ለክትትል ነው አልኩ፤ ግማሹ ውሸት። ጋጋሪዋ ደግ ሴት፣ እጇ ሊጥ በሊጥ። ትሪውን እንድታሳየኝ ስጠይቃት ፊቷ በራ። የሚጠይቃት ሰው ስትጠብቅ ኖሯል። ይላጣል፣ ዳቦው ሥር ጥቁር ቁራጭ እያገኘሁ በቢላ አነሳለሁ አለችኝ።

በጥፍሬ ነካሁት። እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተገፎ መጣ።

እኔ ያስመረመርኩት እንዲህ አይደለም። የዚያኛው ቅብ ደረቅ ነው፣ እንደ ሲኒ። ቢመቱት ይሸረፋል፣ ይደቃል፤ አይገፈፍም። ትሪው ላይ ግን የግርማ ማኅተም አለ። ልጣጩን አሽጌ ያዝኩ። አትጋግሪበት አልኳት። በምን ልጋግር፣ ሌላ የለኝም፣ ወረቀት አምጪልኝና ላቁም አለች። እውነቷን ነው።

ልጆቹ ተሰልፈው ዳቦ ሲቀበሉ እያየሁ ወጣሁ። ምን ልበል? የት/ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ምስክር ወረቀት የኔ ፊርማ አለበት።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ልጣጩን ላብራቶሪ ሰጠሁ። ኢ/ር ዳዊት ውጤት ሳይመጣ ለት/ቤቱ አንዲት መስመር አልጽፍም ብሏል።

ናሙና የወሰድኩበትን ያን ቀን እንደገና አሰብኩት። ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ነው። ደንባችን ግልጽ ነው፦ ናሙና የሚወስደው ሰው ራሱ ከክምሩ ያነሳል፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ራሱ ያሽጋል። ስደርስ ዶሮው ቀርቧል። ትርሲት ሥራው የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ብዪ አለች። እንቢ ማለት ይቻላል? አበልጅ ቤት፣ ጾም በተፈታ ሰሞን፣ ጓንት አጥልቄ ምግብ ልግፋ? ጓንቴን አወለቅኩ። አጎረሰችኝ። ደገመችኝ። ስለ ሰባተኛ ክፍል አንስታ እንባዬ እስኪመጣ አሳቀችኝ። ግርማ አንቺ ብዪ፣ ከክምሩ አንስቼ ቆርጬ ልጠብቅሽ ብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ተቆርጦ ጠበቀኝ። አሸግሁት። ፈረምኩ።

ባዕድ ቤት ቢሆን ከዓይኔ አላርቀውም ነበር። የግርማ እጅ የኔም እጅ መሰለኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

አላስቻለኝም፣ ውጤት ሳይመጣ ትርሲት ጋ ሄድኩ። ብቻዋን ነበረች። ኤልዳና የነገረችኝን አልነገርኳትም፤ ልጅቷን አልሸጥም። ትሪው እየተላጠ ነው ብቻ አልኳት።

አልደነገጠችም። ብትደነግጥ ይሻለኝ ነበር።

መጋረጃውን እያስተካከለች ተናገረች። አዲሱ ቅብ ለጥቂት ትሪ ብቻ በቃ፣ ሌላው እስኪመጣ ት/ቤቱ አልጠብቅም አለ፣ በድሮው ቀባነው። አገሩ ሁሉ ስንት ዓመት በሱ ሲበላ የለ፣ ማን ሞተ አለች። ቀድሞ ያልነገርሽኝ ለምንድን ነው ብላት «ብነግርሽ ትፈርሚ ነበር?» አለችኝ።

እና ዶሮው? እሱን ግን አልጠየቅኳትም። ፈራሁ። ለዚያ ነው ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።

ደብተሬ፣ ይኸው ጻፍኩት፦ ከዳችኝ። ግርማ ነጋዴ ነው፣ ይሁን። እሷ ግን በእጇ እያጎረሰች።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ። 4፡00

ውጤቱ መጣ። ዘላለማዊው አለበት። ጥርጥር የሌለው። ያው የድሮው ቅብ ነው።

ኢ/ር ዳዊት ሁለቴ አነበበውና በሩን ዘጋ። በዝምታ ትሪውን ያስቀይሩ፣ እኛም ስማችንን እናትርፍ፣ አንቺም ሥራሽን አለኝ። የኔን ሥራ ያነሳው በድንገት አይመስለኝም። እሱም ያው ነው እንግዲህ። ስንት ሰው ነው ከጎኔ የነበረ የመሰለኝ?

ዛሬም ዳቦ ተጋግሯል።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ። ማታ

ግርማ ሽማግሌ ላከ። የነፍስ አባታችንና የሠፈራችን ዕድር ዳኛ። እማዬ ደንግጣ ወንበር ታዞራለች። በትሕትና ሰማሁ። ግርማ ለገና በአዲስ ይቀይራል፣ ነገሩ አደባባይ አይውጣ፣ ቤት አታፍርሺ አሉ። እስከ ገና ልጆቹ በምን ይብሉ አልኳቸው። ዳኛው ወደ ጣሪያ አየ።

አባ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ኤልዳናን አስቢ እንጂ። በእግዚአብሔር ፊት ልጅሽ አይደለችም ወይ?» አሉኝ።

ልናገር አልፈለግሁም ነበር። አመለጠኝ።

«አባቴ፣ ኤልዳናማ አትበላም። ዳቦዋን ከቤት ነው የምትይዘው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው መስቀላቸውን አጥብቀው ያዙ። ሻይ ሳይጠጡ ተነሱ። በር ላይ አባ ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብለው የሚገባሽን አድርጊ አሉኝ።

አለቀስኩ። ለትርሲት ነው ያለቀስኩት፣ ይግረምሽ። የሌላውን ልጅ ስታበላ የራሷን የደበቀች ሴት ድሮ የማውቃት አይደለችም። ወይስ አላውቃትም ነበር?

ኅዳር 1፣ ሰኞ። ጠዋት 12፡30

ዓርብ ዕለት የምስክር ወረቀቱን ሰረዝኩት። ደንባችን የፈረመ ሰው መሰረዝ ይችላል ይላል፤ ኢ/ር ዳዊት ረስቶት ነበር፣ እኔ አልረሳሁም። ናሙናውን በእጄ እንዳላነሳሁም ጽፌበታለሁ። ሊያባርረኝ ይችላል። ወረቀቱን ት/ቤት ያደረስኩት ራሴ ነኝ። ጋጋሪዋ አንብባ ሳትጨርስ ትሪውን ከመደርደሪያ ማውረድ ጀመረች። ልጆቹ ለጊዜው ንፍሮ ይበላሉ።

ትናንት ኤልዳና በእናቷ ስልክ ደወለች። እቴቴ፣ የሚቀጥለው እሑድ እንሄዳለን? አለች። ከኋላዋ የትርሲት ትንፋሽ ይሰማኛል። እመጣለሁ አልኳት። እመጣለሁም። ልጅቷ ምን አጠፋች?

ዛሬ ወሰን እወርዳለሁ። ምልክቱ ከበሩ ይፋቃል፣ አዲስ ናሙና ይወሰዳል። ትርሲት ምግብ ታቀርባለች፣ አውቃታለሁ። ተጣልተንም ቢሆን ሰው ከቤቷ ሳይበላ አይወጣም። ከልቧ ነው ደግሞ፤ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው።

ምሳዬን ቋጥሬያለሁ። ድንች በካሮት፣ እማዬ የሠራችው። ትሪውን ከክምሩ በእጄ አነሳለሁ፣ በእጄ እቆርጣለሁ፣ በእጄ አሽጋለሁ። ከዚያ በር ላይ ቆሜ ምሳዬን እበላለሁ። እጇን ብትዘረጋልኝ አልጎርስም።