የከበደው ለእሷ፣ የቀለለው ለእኔ

ለውድ ታላቅ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ ደረጃ ስትወጣ ቀጭ የሚለው ጉልበትህስ እንዴት ሆነ? ብርዱ ገብቷል ብለኸን ነበር፤ ካፖርት ገዛህ ወይስ አሁንም የአክስታችንን ባል ካፖርት እየተዋስክ እጅጌው ክርንህ ላይ ይቀራል? የመጋዘኑ ሥራስ ቀለል አለ? ምሳህን በሰዓቱ ትበላለህ? እማዬ ይህን ሁሉ ጠይቂልኝ ብላ ከጎኔ ቆማ ነበር፤ አሁን ልብስ ልታሰጣ ወጣች። እኛ ደህና ነን። የእማዬ ደም ግፊት ረግቷል፣ የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፣ የጎረቤት ውሻ ግን እንደ ድሮው ያለ ምክንያት ይጮሃል። እኔም ጤናዬ ደህና ነው። ጤና ስልህ ሰውነቴን ነው። ልቤን እንኳ ባትጠይቀኝ ይሻል ነበር፤ ግን ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለእሱው ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ በስልክ ማልቀስ ስለማልወድ ነው። ደግሞ አንተ በስልክ «በቃ ተይው፣ በቃ ተይው» ታበዛለህ። ወረቀት ግን ተይው አይባልም፤ ቁጭ ተብሎ ይነበባል።

በሰኔ ደውለህ ያልከኝን ታስታውሳለህ። ሁለት ኮምፒውተር አግኝቻለሁ፣ ያገለገሉ ናቸው ግን ንጹሕ፣ ዋጋቸውም እኩል ነው፣ አንዱን ምረጪ አልከኝ። አንደኛው ቢዝነስ ላፕቶፕ ነበር፤ ቀጭን፣ እንደ ደብተር ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ባትሪው ከጠዋት እስከ ማታ የሚቆይ። ሁለተኛውን ሻጩ ሞባይል ወርክስቴሽን ብሎ ጠራልህ፤ ወፍራም፣ ቻርጀሩ ብቻውን ጡብ የሚያህል፣ ሲሠራ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ፣ ባትሪው ሁለት ሰዓት የማይሞላ፣ ሆዱ ውስጥ ግን ከባድ ንድፍ የሚሸከም ግራፊክስ ካርድ ያለው። እኔ እንደምታውቀኝ ሕንፃ እስላለሁ እንጂ የማሽን ሆድ ዕቃ አላውቅም። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ጠየቅኩ።

ማንን? እጮኛህን እንጂ ሌላ ማንን! ቢሮ ጠረጴዛችን የተጋጠመ ነው፤ እኔ ሳስነጥስ የእሷ ወረቀት ይበራል። ሦስት ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ በልተናል። ፎቶዋን የላክሁልህ እኔ፣ «ይቺን ካላገባህ አንተዋወቅም» ያልኩህ እኔ። ያን ቀን ምነው ምላሴን በነከስኩት ኖሮ።

«አንቺ ደግሞ!» አለችኝ እየሳቀች። «ያንን ድንጋይ ተሸክመሽ አውቶቡስ ልትጋፊ ነው? በሠርጌ ቀን ትከሻሽ ተንጋዶ ፎቶ ልታበላሺብኝ? ቀላሉን ውሰጂ የኔ እህት። ቢሮው እንደሆነ በሚመጣው ወር ለሁላችንም ትልልቅ ማሽን ሊገዛ ነው፤ ከአለቃችን አፍ ነው የሰማሁት።» አለቃችንን ነግሬሃለሁ፣ ማስመሪያ የምንለውን፤ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ቀጥ አድርጎ የሚናገር። እሱ ካለ አለ ነው ብዬ አመንኩና ቀላሉን ብዬ ጻፍኩልህ። በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት፣ አልክድም። አንተም ሁለት ጊዜ ደውለህ «እርግጠኛ ነሽ? ለሥራሽ ይበቃሻል?» አልከኝ። እኔ ሞኟ ለእማዬ «ይኸው እንዲህ የሚያስብልኝ ወንድም አለኝ» ብዬ ተኩራራሁ።

ዕቃው በነሐሴ መጣ። ያመጣው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ነው፤ እዚያ ያለች ልጁን ጠይቆ ሲመለስ። እማዬ ላፕቶፑን በሁለት ጣት አንስታ «ይሄማ ትሪው ነው፣ ኮምፒውተሩ የታል?» አለች። ስቀን ልንሞት። ያን ዕለት ስንት ምርቃት እንደወረደልህ ብታውቅ ጉልበትህ ያኔውኑ በዳነ።

አሁን ደግሞ የሥራዬን ነገር ስማኝ። የሕክምናውን ሕንፃ ታውቀዋለህ፣ ባለ ዘጠኝ ፎቁን። ሰባት ወር ሙሉ ቢሮ ባለችው በአንዲት አሮጌ ትልቅ ማሽን ተራ እየጠበቅኩ የሳልኩት እኔ ነኝ። የትኛው በር ወደ ውስጥ፣ የትኛው ወደ ውጭ እንደሚከፈት ዓይኔን ጨፍኜ እነግርሃለሁ። ቢሮው ይገዛል የተባለበት ወር መጣ፣ ሄደ። ማሽን የሚባል ነገር የለም። ጭራሽ አሮጌዋም በመስከረም ጢስ ጢስ ሸትታ አረፈች። በጥቅምት ማስመሪያ ሰብስቦን፣ ረቡዕ የሕንፃው ባለቤት ሐኪሟ ይመጣሉ፣ ሙሉውን ሕንፃ በራሱ ማሽን ከፍቶ ፊታቸው ያዞረ ሰው የንድፉ ኃላፊ ሆኖ ወደ ግንባታው ይሄዳል አለን። እኔ ደነገጥኩ። እጮኛህ ጥፍሯን እያየች ነበር።

ረቡዕ ዕለት ሐኪሟ ፊት ከፈትኩት። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ መጣ። አራተኛው ላይ ደርቆ ቀረ። ያቺ የማታልቅ ክብ ነገር ትዞራለች፣ ሐኪሟ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እኔን ላብ ያጠምቀኛል። ይሄኔ እጮኛህ ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ጥቁር ወፍራም ነገር ስባ አወጣችና ማር በሚያስንቅ ድምፅ «እኔ ልሞክረው?» አለች። ማራገቢያው ጮኸ። ሕንፃው ተከፈተ። ዞረ። ጣሪያው ተነሣ፣ ክፍሎቹ ታዩ፣ አልጋዎቹ ሳይቀሩ ታዩ። ሁላችንም ከምንከፍተው ከቢሮው የጋራ ፋይል የቀዳችው የእኔ ሕንፃ፣ ወንድም ዓለም! ሐኪሟ ብድግ ብለው «እሰይ! እጅሽ ይባረክ!» አሏት። እጇን! ያ እጅ እኮ አንዲት መስመር አላሰመረበትም።

ሲሄዱ ማስመሪያን ተከትዬ ገባሁና ማሽን እገዛለሁ ብለህ አልነበር ወይ አልኩት። መነጽሩን አውልቆ አየኝ። «እኔ? መቼ? እንዲያውም በሰኔ ለባልደረባሽ ነግሬያታለሁ፤ ቢሮው አይገዛም፣ ሁሉም የራሱን ያዘጋጅ፣ ለሌሎቹም ንገሪያቸው ብያት ነበር» አለኝ። ለሌሎቹም ንገሪያቸው! ሥዕሉን የሠራሁት እኔ መሆኔን ታውቃለህ ስለው፣ ደንብ ደንብ ነው ብሎ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

እሺ፣ ኃላፊነቱም ለእሷ ሆነ፤ ይህን ያህሉን ችዬው ነበር። ሰው ጓደኛውን ይከዳል፣ ያለ ነው፤ ከንፈር ነክሶ ማለፍ ነው አልኩ። ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ቅዳሜ ልብስ ሰፊው ለሠርግህ የእማዬን ልክ ሊወስድ መጣ። ሜትሩን ወገቧ ላይ ጠምጥሞ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «ያ ጥቁሩ ትከሻዬን ገነጠለው እኮ፤ እጮኛዪቱ ወደደችው?» አለኝ። የቱ ጥቁር ስለው ፊቱ ልውጥ አለ። እማዬ ሌላ ቀሚስ ልታመጣ ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠብቄ ያዝኩት። ሁለቱንም ያመጣቸው በአንድ ሻንጣ ነው። «ወንድምሽ ይሄኛው ለእጮኛዬ ነው፣ እህቴ ግን አታየውም፣ አደራ ብሎኛል፤ እኔ ምን ላድርግ የኔ ልጅ» አለ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እኔን ለካ በአንድ ሳምንት ሁለት ፈረስ ነው የጣለኝ።

ወንድሜ፣ ስንት ሰበብ ስፈልግልህ እንደሰነበትኩ ብታይ ታዝንልኝ ነበር። አውቶቡስ ላይ ተቀምጬ እፈልግልሃለሁ፣ ሰሃን እያጠብኩ እፈልግልሃለሁ። ምናልባት «እኔው በድንገት አሳይቼ ላስደስታት፣ አትንገራት» ብላህ ይሆናል። ምናልባት «እህትህ ቀላሉን መርጣለች፣ የእኔን ከባድ ስታይ ቅር እንዳይላት» ብላህ ይሆናል። ምላሷን አውቀዋለሁ፣ እኔንም እኮ ያሸነፈኝ እሱ ነው። ግን «እህቴ አታየውም» ለምትለዋ የሚሆን ሰበብ አላገኘሁልህም። የሚደብቅ ሰው የሚደበቅ ነገር እንዳለው ያውቃል።

ሰኞ ዕለት ደግሞ እጮኛህ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ የሦስተኛው ፎቅ ደረጃ አልገጥም አለኝ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ አለችኝ። አውቀዋለሁ። ሆን ብዬ ለመጨረሻ ያቆየሁት እሱን ነበር። ዝም ብላት ሐኪሟ ፊት ትዋረድ ነበር። ግን ያን ደረጃ በሽተኛ በቃሬዛ ይወጣበታል፤ በሽተኛ ምን አደረገኝ? ተነሥቼ በእሷ ማሽን ላይ አስተካከልኩት። ግሩም ማሽን ነው፣ አልዋሽህም። ጣቴን ሳላነሣ ይታዘዛል። እንዲህ ያለ ቢኖረኝ ሰባቱ ወር ሦስት ይሆን ነበር እያልኩ ጨረስኩና ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። «አልተቀየምሽኝም አይደል? ማሽን እኮ ነው» አለችኝ።

እማዬ ምንም አታውቅም። ቀሚሷ ሰማያዊ ነው፣ በየቀኑ መስታወት ፊት ትለካዋለች፤ ይህን ደስታ ከእሷ ላይ የምወስድ እኔ አይደለሁም። ሠርግህንም አላፈርስም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያኔ ሁለቴ ደውለህ «እርግጠኛ ነሽ?» ስትለኝ፣ ከባዱ ለማን እንደሚገዛና ለምን እንደሚፈለግ ታውቅ ነበር? መልሱን በራስህ እጅ ጻፍልኝ። በስልክ አይሁን፣ በእሷም በኩል አይሁን። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ገዝተህ ከሆነ በሠርግህ ቀን ጫማዬን አውልቄ እጨፍርልሃለሁ። ታውቅ ከነበረም ለእማዬ ስል እመጣለሁ፣ አጨበጭባለሁ፣ ፎቶም እነሣለሁ፤ ግን የሙሽራዋ የሥራ ባልደረባ ሆኜ ነው እንጂ የሙሽራው እህት ሆኜ አይደለም።

አክስታችንን ጉንጯን ሳምልኝ፤ የላከችው ሹራብ ለእማዬ ልክ ሆኗል በልልኝ። ባለቤቷንም እጅ ንሣልኝ፣ ካፖርታቸውን ስላዋሱህ እግዜር ይስጥልን። ትልቋ ልጃቸው ሕንፃ መሳል እማራለሁ ብላለች አሉ፤ በርቺ በልልኝ፣ ማሽን ስትመርጥ ግን ሻጩን ራሱን ትጠይቅ። ትንሹንም ግንባሩን ሳምልኝ።

ለእጮኛህም ሰላምታዬን አንተው አድርስልኝ። ጠረጴዛችን እንደተጋጠመ ነው፤ ከእኔ ወደ እሷ ግን መንገዱ ከአንተ ጋር ካለን ርቀት በልጦብኛል።

መልስህን የምትጠብቅ ታናሽ እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 14 ቀን