«አለ» ካላችሁ አሳዩ ይሉ የነበሩት የወንድማችን የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን ከአናጢው አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው ጥቅምት 4 ቀን 1960 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች የመጨረሻው ሲሆኑ፣ ይህን የጻፈችው ታላቅ እህታቸው አዝላ አሳድጋቸዋለች።

«የታለ» የሚለውን ቅጽል ስም ያገኙት በስድስት ዓመታቸው ነው። የእናታቸው መቀስ ጠፋ። አባባ፣ «ከቤት የወጣ ሰው የለም፤ የገባም የለም። መቀሱ እዚሁ አለ» ብለው ነገሩን ዘጉት። ትንሹ ልጅ ግን ያልተቆረጠውን ጨርቅ ይዘው፣ «እሺ፣ የታለ?» አሉ። ቤቱ ሳቀ፤ መቀሱ ግን አልተገኘም።

በ1983 ዓ.ም. በሒሳብ ተመረቁ። ተማሪ ሳሉ አስተማሪያቸው ስለ አንድ ቁጥር ሰሌዳው ላይ፣ «የለም ብንል ነገሩ እርስ በርሱ ይጣረሳል፤ ስለዚህ አለ» ብለው ሲጨርሱ፣ እጃቸውን አውጥተው ያችኑ ጥያቄ ጠየቁ። አስተማሪውም ስቀው፣ «ላንተ ሌላ ዓይነት ሒሳብ አለልህ፤ ነገሩን እጅህ ላይ ካላስቀመጠ በቀር አለ የማይል» አሏቸው።

በ1987 ዓ.ም. ሆስፒታል ተቀጥረው የደም ክፍሉን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፉ። በኋላ የታየበት ስህተትም የራሳቸው ነበር፤ ደብቀውት አያውቁም። በ1989 አንዲት ወላድ ደም ይፈሳት ጀመር። ፕሮግራሙ ከገባው የደም ከረጢት የወጣውን ቀንሶ «ለእሷ የሚሆን ደም አለ» አለ፤ በየትኛው ማቀዝቀዣ እንደሆነ ግን አያውቅም። አንዲት ነርስ ሦስት ፎቅ ወጥታ ወርዳ ሰባተኛው ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘችው። ወላዷ ለጥቂት ተረፈች። ነርሷም ላቧን እየጠረገች መጥታ፣ «ኮምፒውተርህ ‹አለ› አለኝ፤ ያገኘው ግን እግሬ ነው» አለቻቸው።

አለቃቸው፣ «ሒሳቡ እኮ ልክ ነው» ቢሏቸው፣ «ልክ ነው። ሴትዮዋ የምትፈልገው ግን ደም ነው» ብለው ፕሮግራሙን ከሥሩ ጻፉት። ከዚያ ወዲህ የማቀዝቀዣውንና የመደርደሪያውን ቁጥር ካልያዘ «አለ» ማለት አይችልም። ዛሬም ይሠራል።

ያችን ነርስ በ1991 ዓ.ም. አግብተው ሴትና ወንድ ልጅ ወለዱ። ትዳራቸውም እንደ ትውውቃቸው ጅማሬ ቁጣ ሳይሆን ሳቅ የበዛበት ነበር። ለሃያ ዓመታት ወጣት ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ሁለቱንም ሒሳብ፣ «አለ» ብሎ የሚያበቃውንም አግኝቶ የሚያሳየውንም፣ አስተማሩ። የፊተኛውን አልናቁትም፤ «ተስፋ እንዳትቆርጡ ያደርጋችኋል፤ ፈልጎ ግን አያመጣላችሁም» ይሉ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመሙ። አምና የእናታቸው የስፌት መኪና ለጥገና ሲፈታ፣ ያ መቀስ ከመሳቢያው ጀርባ ዱብ አለ። አልጋቸው ላይ ሆነው ዝገቱን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ፣ ታላቅ እህታቸውን «እቴቴ፣ ለካ አባባ ልክ ነበሩ» አሉ።

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት እህቶቻቸውንና በየመሥሪያ ቤቱ «የታለ?» የሚሉ ብዙ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

አሁን በመልካም ማረፊያ አሉ ብለን እናምናለን። «የታለ?» ቢሉን የምናሳየው የለንም፤ ለዛሬ አባባ መቀሱ አለ ብለው እንዳመኑት እናምናለን። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ቦታውን ስንደርስ እሳቸው ያሳዩናል።